የሜክሲኮን የቱሪስት ፈቃድ የብስ ድንበር ላይ እንዴት ከፈልኩ

በአውሮፕላን ሜክሲኮ የገባ ሰው ለቱሪስት ፈቃድ ገንዘብ መክፈሉን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ግን ከፍሏል። ሂሳቡ ከቲኬቱ ታክስ ጋር ተደምሮ ስለሚመጣ ልብ አይለውም። በእግር ወይም በመኪና የሚሻገር ሰው ግን ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ ተሰልፎ መክፈል አለበት። ማንም እጁን ይዞ ወደ መስኮቱ አይወስደውም። በተለይ በመኪና የሚገባ ሰው የጉምሩኩ መብራት አረንጓዴ ከሆነለት ቀጥ ብሎ ከተማ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ፓስፖርቱን ያየ የለም፣ ማህተም የመታለት የለም፣ የከፈለው የለም። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው፤ ኬላ ላይ ሲጠየቅ ወይም በአውሮፕላን ሊወጣ ሲል።

እኔ የሄድኩት በእግር ነው። ከካሊፎርኒያ በሳን ኢሲድሮ በኩል ወደ ቲኋና፣ ከቲኋና ደግሞ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ጓዳላሃራ። እንዲህ ያደረግኩት ለቲኬት ብዬ ነው። ከቲኋና የሚነሱ የአገር ውስጥ በረራዎች ከአሜሪካ በቀጥታ ከሚሄዱት ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ። ስመለስ ግን ከጓዳላሃራ በቀጥታ ወደ አሜሪካ ለመብረር ነበር ያሰብኩት። ስለዚህ ስገባ ወረቀቴ ካልተስተካከለ ስወጣ እንደምቸገር ገብቶኝ ነበር።

ወረቀቱ ኤፍኤምኤም ይባላል። የሜክሲኮ ኢሚግሬሽን ለጎብኚ የሚሰጠው ቅጽ ነው። በየብስ ገብቶ በየብስ ለሚወጣና ከ7 ቀን በላይ ለማይቆይ ሰው በነጻ ነው። ከዚያ በላይ ለሚቆይ ግን ክፍያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 ክፍያው 717 ፔሶ ነበር፣ በ2025 ወደ 861 ፔሶ ከፍ ብሎ ነበር። ያኔ በዶላር ሲመነዘር 45 አካባቢ ነበር። ታሪፉ ከጥር ጀምሮ በየዓመቱ ስለሚስተካከል፣ ባለፈው ዓመት የሄደ ጓደኛ የነገራችሁን ቁጥር ይዛችሁ አትሂዱ። ፈቃዱ ቢበዛ እስከ 180 ቀን ያስቆያል። ሥራ ሠርቶ ደሞዝ መቀበል ግን አይፈቅድም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የቪዛ ጉዳይ አለ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ዋናው እሱ ነው። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ነገር ግን የሜክሲኮ ደንብ ጸንቶ ያለ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከዚህ ነጻ ያደርገዋል። የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓን ወይም የሸንገን አገሮች ቋሚ ነዋሪም እንዲሁ። እኔ የገባሁት በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ ነው። ዋናው ካርድ በእጅ መኖር አለበት፤ ፎቶው ስልክ ላይ አለ ማለት አይሠራም። ደግሞም ከቪዛ ነጻ መሆን ማለት ከኤፍኤምኤም ነጻ መሆን ማለት አይደለም። እነዚህን ሁለቱን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ ዝም ብዬ ባልፈው ይቆጨኛል። አሜሪካ ውስጥ የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ያለ ወገኖቼ፣ ለአንድ ከሰዓትም ቢሆን ድንበሩን አትሻገሩ። አስቀድሞ የተሰጠ የመመለሻ ፈቃድ ሳይኖር መውጣት ጉዳዩን እንደ መተው ይቆጠራል። መግባቱ ቀላል ነው፤ መመለሱ ነው ችግሩ። ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ ንቅንቅ አትበሉ።

ከቤት ስወጣ የያዝኩት ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ ከጓዳላሃራ የምመለስበት ቲኬት በወረቀት የታተመ፣ የማርፍበት ሆቴል አድራሻ፣ ጥቁር እስክሪብቶና ጥሬ ገንዘብ ነበር። ገንዘቡን አስቀድሜ ወደ ፔሶ መንዝሬው ነበር። ካርድም ይዣለሁ፣ ግን የካርድ ማሽን የትም ቢሆን ሊቆም ይችላል። በዶላር መክፈል ቢቻል እንኳ ምንዛሪው ለከፋዩ አያዋጣም። እስክሪብቶ ያልኩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ያሉት እስክሪብቶዎች በገመድ ታስረው፣ ቀለማቸው አልቆ፣ አምስት ሰው አንዱን ሲጠባበቅ ብታዩ ግን ትረዱኛላችሁ።

ሳን ኢሲድሮ ጠዋት ላይ ይጨናነቃል። በምዕራቡ የዓለም ክፍል ብዙ ሰው የሚያልፍበት የየብስ ድንበር ነው ይባላል፤ ቆሞ ላየው ይታመናል። ከሳን ዲዬጎ የሚመጣው ሰማያዊ መስመር ትሮሊ (የከተማ ባቡር) መጨረሻው እዚያው ነው። ወርዳችሁ ሕዝቡን ተከትላችሁ ትሄዳላችሁ። የሚዞረውን የብረት በር ካለፋችሁ ሜክሲኮ ገብታችኋል። እዚያ ጋ ሰልፉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ለሜክሲኮ ዜጎች ነው፤ አብዛኛው ሰው በእሱ በኩል ሽው ብሎ ያልፋል። ሌላው ለውጭ አገር ሰዎች ነው። የሕዝቡ ግፊት ወደ ፈጣኑ ሰልፍ ስለሚወስድ ተጠንቅቆ ምልክቱን ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ በውጭ አገር ሰዎች ሰልፍ ቆምኩ።

ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ሁለት ልጆች የያዘች ሴት ነበረች። ፓስፖርቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ "ወንድሜ፣ ሀበሻ ነህ እንዴ?" አለችኝ። ተጨዋወትን። ለልጆቹም ይከፈላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ እህቴ፣ ቅጹ ለእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ልጅም ቢሆን የራሱ አለው" አልኳት። እሷ አክስቷን ጠይቃ በሦስተኛው ቀን በእግር የምትመለስ ስለሆነች ግን የሚከፈል ነገር አልነበራትም። ቅጹን መሙላትና ማህተም ማስመታት ብቻ በቂ ነበር።

ቅጹ ትንሽ ናት። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ዜግነት፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የጉዞ ምክንያት፣ ሜክሲኮ ውስጥ የሚያርፉበት አድራሻ። እኛን የሚያደናግረን የስሙ ቦታ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ለየብቻ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። ከሦስቱ የትኛው የት ይገባል? እዚያ ቆሞ መገመት አያስፈልግም። ፓስፖርታችሁን ፎቶው ያለበት ገጽ ላይ ክፈቱና ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ የተጻፈው ማሽኑ እንደ ቤተሰብ ስም የሚያነበው ነው። ከዚያ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶች አሉ። ከእነሱ ወዲያ ያለው እንደ ራስ ስም ይነበባል። እኔ አንድም ፊደል ሳልቀይር ከዚያ ነው የገለበጥኩት። ቲኬቴም የተቆረጠው በዚሁ ቅደም ተከተል ስለነበር ሁሉም ተመሳሰለ። የትውልድ ቀን ላይ ደግሞ ቀኑና ወሩ ቦታ እንዳይለዋወጡ ከሳጥኖቹ በላይ ያለውን መመሪያ አንብቡ።

ተራዬ ደረሰ። ሠራተኛው ፓስፖርቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ የሜክሲኮ ቪዛ ፈለገ። ሳልጠየቅ ግሪን ካርዱን ፓስፖርቱ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "ስንት ቀን ነው የሚቆዩት?" አለኝ። የመመለሻ ቲኬቴን አሳየሁት። ከ7 ቀን በላይ መሆኑን ሲያይ መጀመሪያ እንድከፍል ወደ ባንኩ መስኮት ላከኝ።

ክፍያውን የሚቀበለው ባንሄርሲቶ የሚባለው የሜክሲኮ ጦር ሠራዊት ባንክ ነው። በየብስ ድንበሮች ላይ ይህን ገንዘብ የሚሰበስበው እሱ ነው። ቅጹንና ፓስፖርቱን ሰጠሁ፣ ገንዘቡን ቆጥሬ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ታተመልኝ። ከመስኮቱ ፈቀቅ ከማለቴ በፊት ደረሰኙ ላይ ያለውን ስምና የተከፈለውን መጠን አመሳከርኩ። እዚያው ቆሜም በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። እንዲህ ዓይነት ደረሰኝ የሚታተመው ሙቀት ሲነካው በሚደበዝዝ ወረቀት ላይ ነው። ኪስ ውስጥ ሰንብቶ ሲወጣ ጽሑፉ ሊጠፋ ይችላል።

ደረሰኙን ይዤ ወደ ሠራተኛው ተመለስኩ። ይሄኛውን ነገር ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከፍሎ መሄድ አይበቃም። ደረሰኙ የገንዘቡ ማስረጃ ነው። ፈቃዱ የሚጸናው ማህተም ሲመታበትና የቀኑ ብዛት ሲጻፍበት ነው። ከፍለው ተደስተው ማህተም ሳያስመቱ ቀጥታ ወደ ታክሲ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ወረቀታቸው ጎዶሎ ነው።

የቀኑን ብዛት ደግሞ እዚያው ዓይታችሁ ተነሱ። 180 ቀን ጣሪያ ነው እንጂ ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም። ሠራተኛው የመመለሻ ቲኬታችሁን አይቶ ያነሰ ሊጽፍ መብት አለው። እኔ "ጥቂት ቀናት ጨምሬ ብቆይ እንዳልቸገር ትንሽ ተረፍ ያለ ይጻፉልኝ" ብዬ በትሕትና ጠየቅኩት። ጻፈልኝ። ይህ ፈቃድ አገር ውስጥ ሆኖ አይራዘምም፤ ስለዚህ የመጠየቂያው ሰዓት ያ ነው። ፍጠኑ ፍጠኑ የሚል ሰልፍ ከኋላ ቢኖርም ተረጋግቶ ማየት ይገባል።

"ለምን 7 ቀን ብለህ በነጻ አትገባም?" ያሉኝ ነበሩ። አልፈለግኩም። የ7 ቀኑ ነጻ ፈቃድ በየብስ ለሚመለስ ሰው ነው፤ እኔ የምወጣው በአየር ነበር። ከዚያም በላይ በሰው አገር ወረቀት ላይ ያልሆነ ነገር ጽፎ ቀናት ሲያልፉ እየተሳቀቁ መክረም ለ45 ዶላር አያዋጣም። ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለ። እኛ ደግሞ በፓስፖርታችን ምክንያት ከሌላው ሰው የበለጠ ጥያቄ ይገጥመናል፤ ስለዚህ የወረቀታችን ነገር ንጹሕ ቢሆን ነው የሚሻለው።

ቅጹን ኢንተርኔት ላይ አስቀድሞ መሙላትና መክፈል ይቻላል። ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ፍለጋ ስታደርጉ መጀመሪያ የሚመጡት ብዙ ጊዜ የግል ድርጅቶች ናቸው፤ በመንግሥት ዋጋ ላይ የራሳቸውን ጨምረው ያስከፍላሉ። የሜክሲኮ መንግሥት ድረ ገጾች መጨረሻቸው ጎብ ዶት ኤምኤክስ (gob.mx) ነው። ሁለተኛ፣ በኢንተርኔት ብትከፍሉም ወረቀቱን አትማችሁ ድንበሩ ላይ ማህተም ማስመታቱ አይቀርም። እኔ ለዚህ ነው መስኮቱን የመረጥኩት። መቆሙ ካልቀረ ሁሉንም እዚያው ልጨርስ ብዬ ነው።

ከቲኋና የሚበሩ ሰዎች ሌላም መንገድ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ከሳን ዲዬጎ በኩል በቀጥታ ወደ ቲኋና አየር ማረፊያ የሚያስገባ ድልድይ አለ። ሲቢኤክስ ይባላል። ለማለፊያው ይከፈላል፣ የበረራ ቲኬት ለሌለው ሰውም አይፈቀድም። ሻንጣ ለበዛበት ሰው ግን ምቹ ነው። ኤፍኤምኤም እዚያም ይጠየቃል።

ቲኋና አየር ማረፊያ ላይ በረራዬ የአገር ውስጥ ሆኖ ሳለ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ወረቀቴን ጠየቀኝ። አሳየሁ፣ አለፍኩ። አጠገቤ የነበረ ወጣት ግን ማህተም አልነበረውም። ወደ ጎን አውጥተው ሲያነጋግሩት ነው ትቼው የሄድኩት። በረራው ላይ ዓይኔ ቢፈልገውም አላየሁትም።

ጓዳላሃራ ላይ ቅጿን ፓስፖርት ውስጥ በላስቲክ ያዝ አድርጌ አስቀመጥኳት። ብትጠፋ ተመዝግቦ ከመሳፈር በፊት አየር ማረፊያው ውስጥ ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዶ፣ ከፍሎ ምትክ ማውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ የጠፋበት ሰው ብዙ ሰዓት አስቀድሞ ይድረስ። ስመለስ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ሻንጣዬን ከመቀበሏ በፊት ቅጿን ጠየቀችኝ። ማህተሙንና ቀኑን አየች፣ ወሰደችው፣ የመሳፈሪያ ካርዴን ሰጠችኝ።

በመኪና ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። ቲኋና ያለችበት የሜክሲኮ ግዛት፣ ባሃ ካሊፎርኒያ ውስጥ ብቻ ለምትቀሩ የመኪና ፈቃድ አያስፈልግም። ከዚያ አልፋችሁ ወደ መሀል አገር የምትዘልቁ ከሆነ ግን ለመኪናውም ጊዜያዊ ፈቃድ ታወጣላችሁ። የሚወጣው ከዚያው ከባንሄርሲቶ ነው፤ የሚጸናውም የራሳችሁ ኤፍኤምኤም እስከሚያበቃበት ቀን ነው። ለዚህ እንደ መኪናው ሞዴል ዓመት ከ200 እስከ 400 ዶላር መያዣ ይጠየቃል። መያዣው የሚመለሰው ቀኑ ሳያልፍ መኪናውን ይዛችሁ ስትወጡና ድንበር ላይ ቆማችሁ ፈቃዱን ስታዘጉ ነው። ዝም ብላችሁ ነድታችሁ ከወጣችሁ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል።