ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ድጎማ ከመጠየቃችሁ በፊት

ለድሃ ልጆች በነጻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የምትመሩ ከሆነና የመንግሥት ድጎማ ልትጠይቁ ካሰባችሁ ይህን አንብቡ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ፈቃዱ፣ ኦዲቱ፣ የሕንፃው ምርመራ ያደክማል እንጂ ያልፋል። ለድጎማው የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፣ ደረሰኝ አትጣሉ፣ በቃ።

ጉዱ ያለው ኢንስፔክሽኑ ላይ ነው። የመጡት ሰዎች መምህራኑ ሲያስተምሩ ለማየት እንኳ አልጓጉም። የስም መጥሪያውን ገልጠው ቀሪ መቁጠር ጀመሩ። አዎ፣ ልጆቻችን ይቀራሉ። እናቷ ስትታመም ታናናሾቿን የምትጠብቅ አለች፣ ሠርቶ ካልገባ ቤተሰቡ የማይበላ አለ፣ የቤት ኪራይ አቅቷቸው በድንገት ሰፈር የለቀቁ አሉ። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እኮ ለእነዚህ ልጆች ነው! ሪፖርቱ ግን መቅረታቸውን የአመራር ድክመት አደረገውና ድጎማችን ተቀነሰ። ምክንያቱን ላስረዳ ስል ቅጹ ላይ ቦታ የለውም ተባልኩ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በኋላ ሳነብ ነገሩ የቆየ በሽታ መሆኑን አየሁ። የእንግሊዝ መንግሥት ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤት መሥሪያ ገንዘብ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1833 ነው፤ በ1839 ኢንስፔክተሮች ሾመ። በ1862 ደግሞ ድጎማውን ልጆቹ በትምህርት ገበታ ላይ ከመገኘታቸውና በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ኢንስፔክተሩ ፊት ከሚያመጡት ውጤት ጋር አሰረው። ለፈተናው ያልመጣ ልጅ የውጤቱን ገንዘብ አያስገኝም። መምህራንም ፈተና ላይ የሚመጣውን ብቻ ማሸምደድ ያዙ። የምስክር ወረቀት ያለው መምህር ግዴታ ስለነበር፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀሱት የምስኪን ልጆች ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ከድጎማው ውጭ ቀሩ። በ1846 ብሪስቶል ውስጥ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የከፈተችው ሜሪ ካርፔንተር መንግሥት እነዚህንም ይደግፍ ብላ ዓመታት ተሟግታለች። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ እኛም ያንኑ ክርክር ይዘን ቢሮ ለቢሮ እንዞራለን።

መመሪያው ብዙ ቀን የቀረን ልጅ ከመዝገብ ሰርዙ ይላል። ቁጥሩ ያምራል፣ እውነት ነው። እኔ ግን አትሰርዙ እላለሁ። የተሰረዘ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ በሩ ላይ እንደ አዲስ ተመዝገብ ይባላል፣ ያኔ ያፍርና ይሄዳል። እኛ ሌላ ደብተር አዘጋጀን፦ ማን ቀረ፣ ለምን፣ ቤቱ ድረስ ማን ሄደ፣ መቼ ተመለሰ። ይህን ከቅሬታ ደብዳቤያችን ጋር አያይዘን ድጋሚ ኢንስፔክሽን ጠየቅን። ሁለተኛው ቡድን ተቀምጦ አነበበው፤ ከተቀነሰውም የተወሰነው ተመለሰልን። በመምህራኖቼ የምኮራው በዚህ ነው። ከሥራ በኋላ ሰው ቤት የሚያንኳኩት እነሱ ነበሩና።

ሪፖርቱን ቁጭ ብላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። ቶሎ በሉ ቢሏችሁም አትቸኩሉ። የማትስማሙበትን ከፊርማችሁ በላይ በእጃችሁ ጻፉና ቅጂ አስቀሩ፤ ቃል ብቻ ከሆነ ማንም አያስታውሰውም። የመምህራን ደመወዝንም በድጎማው ላይ ብቻ አታንጠልጥሉ። ገንዘቡ ይዘገያል፣ መምህሩ ግን ወሩ ሲያልቅ ኪራይ አለበት።