ምጣድ የተከለከለበት ግቢ

ስለ ኃይል ቁጠባ ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከአምፖል ነው። "ስትወጡ መብራት አጥፉ" የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ከዚያ ወደ ፀሐይ፣ ወደ ነፋስና ወደ ውሃ እናልፋለን። እኔ የማስተምረው አዲስ አበባ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ስምንተኛ ክፍል ነው። እዚህ ሰፈር የኃይል ጉዳይ ዋናው ቦታው ማዕድ ቤት ነው።

ዘንድሮ ምዕራፉን ከመጀመራችን በፊት የቤት ሥራ ሰጠሁ። ቤታችሁ ያለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ መዝግቡ፣ የተጻፈበትንም ዋት ጻፉ አልኳቸው። በማግስቱ ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ ደረደርን። ኤልኢዲ አምፖሉ 10 ዋት ሆነ። የእንጀራ ምጣድ ላይ ብዙውን ጊዜ ምንም ስለማይጻፍ እኔ ነገርኳቸው፤ 3,500 ዋት አካባቢ ነው። ክፍሉ ተንጫጫ። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚወስደው ኃይል ያችን አምፖል 350 ሰዓት ያበራል። ማታ ማታ አምስት ሰዓት ብናበራት 70 ቀን ትቆያለች። ስሌቱን የሠሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ደጋግመው ሠርተው ነው ያመኑት።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እኛ ምጣድ የለንም። አከራያችን ከልክለዋል። እንጀራ እንገዛለን፣ ወጡን በከሰል ነው የምንሠራው።" እሷ ስትናገር ሌሎችም እጃቸውን አወጡ። ካውያም የተከለከለበት ግቢ አለ። አንዱ ደግሞ "ሕዳሴ ግድብ ተመርቆ የለ እንዴ? ለምን ከሰል እናነዳለን?" አለ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ግን ኃይሉ ከጉባ ተነስቶ የእነሱ ድስት ሥር እስኪደርስ ማስተላለፊያ መስመር አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ ቆጣሪ አለ፣ የግቢው ሽቦ አለ። መጨረሻ ላይ አከራይ አለ።

ስለዚህ ትምህርቱ ወደ ከሰል ዞረ። በባህላዊው መንገድ፣ አፈር ተጭኖበት ሲከስል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ያስፈልጋል። ከአዊ የሚመጣው ለዚሁ ከተተከለ፣ ዲከረንስ ከሚባል ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ከስምጥ ሸለቆ በኩል የሚጫነው ግን ማንም ያልተካው ግራር ነው። ዛፉ ሲሄድ አፈሩ ይታጠባል፣ ወንዙ ይዞት ይወርዳል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል ከአቃቂ ወረድ ብሎ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት። ዛሬ ግድቡ በደለልና በእምቦጭ ይቸገራል። ወንዙ ከዚያ አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል፣ አዋሽም ቆቃ ይገባል። የቆቃንም ሐይቅ ደለል እየሞላው ነው። ዛፍ ስንቆርጥ ነገ መብራት የሚሰጠንን ውሃ ነው የምንነካው ስላቸው አንዳንዶቹ ካርታውን በጣታቸው እየተከተሉ ነበር።

ያቺ ልጅ ግን ሌላ ነገር አመጣች። ጎረቤታቸው በጥቅምት ብርድ ከሰሉን ቤት አስገብታ በሩን ዘግታ ተኝታ ነበር። ራሷን ስታ ነው ያገኟት። ደግነቱ ተርፋለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ከሰሉ ፍም ስለሆነና ስለማይጨስ ሰው "አበቃ፣ ደህና ነው" ይላል። የዚያን ቀን ከዚህ ሌላ ምንም አላስተማርኩም። አስፈላጊም አልነበረም።

ከቀናት በኋላ አከራይዋ ራሳቸው ትምህርት ቤት መጡ። የእሳቸውም ልጅ እዚያው ክፍል ናት።

"መምህር፣ ልጄን ምን ብለው ነው ያስተማሯት? 'እማዬ፣ ምጣድ ስለከለከልሽ ነው ዛፉ የሚያልቀው' ትለኛለች።"

"እስቲ ይቀመጡ እናቴ፤ ለምን እንደከለከሉ ይንገሩኝ" አልኳቸው።

ነገሩኝ። ለስድስት ክፍል ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ከተሰካ ብሬከሩ ይወድቃል። ሽቦው ሲግል በእጃቸው ነክተው አይተዋል። "ቤቱ ቢቃጠልብኝ ማን ይደርስልኛል? ሒሳቡስ?"

ሴትዮዋ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሁለቱ ምጣድ 32 ይሆናል። ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። የመብራት ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ይወደዳል። ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውዱ እርከን ይከፍላል። ለተከራይ ልጅ "ከሰል አካባቢን ይጎዳል" ብሎ ማለፍ ግማሽ ትምህርት ነው። አከራይን ክፉ አድርጎ መሳልም እንዲሁ። ልጆቻችን ሁለቱንም ወገን የሚያስጨንቀውን ቁጥር ማወቅ አለባቸው።

የሴትዮዋን ጥያቄ ክፍል ይዤው ገባሁ፤ ፈቅደውልኛል። ልጆቹ በቡድን ሆነው ሲከራከሩ ደወሉን አልሰሙትም። ምጣድ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይሰካ አሉ። ማዕድ ቤቱ የራሱ ወፍራም ሽቦና ብሬከር ይኑረው፣ ሥራውንም ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሳይበርድ ቤተሰቦች ተከታትለው ይጋግሩ፤ ማጋያው ብቻውን ብዙ ኃይል ይበላልና። ለየክፍሉ የራሱን ፍጆታ የሚያሳይ ትንሽ ቆጣሪ ይገጠም የሚልም ነበር።

አከራይዋ ከቆጣሪው በቀር በሌላው ተስማሙ፤ ቆጣሪው ወጪው ከብዷቸዋል። መስመሩ ተቀይሯል፣ ተከራዮቹም በተራ ይጋግራሉ። ወጡ አሁንም በከሰል ነው፤ ምድጃው ግን በረንዳ ላይ ነው የሚቀጣጠለው፣ ማታም አይገባም። ጎን ያለው ግቢ ምጣድ እንደከለከለ ነው። ከዚያ ግቢ የሚመጡት ተማሪዎቼ ሰሞኑን ከሰል ቆጣቢውን ላቀች ምድጃና ተራውን የቆርቆሮ ምድጃ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን አድርገው፣ እኩል ውሃ ለማፍላት የትኛው ስንት ግራም ከሰል እንደሚወስድ እየመዘኑ ነው።