ሳይቆረስ የሚደርስ ድፎ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለተቸገሩ ጎረቤቶች የገና ዳቦ ለመጋገር ስንነሣ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ወሰንን፤ ማንም ቤት ቁራሽ አይገባም። የበዓል ዳቦ ተባርኮ የሚቆረሰው በቤቱ ባለቤት እጅ ነው። ሩብ ድፎ በፌስታል ያደረሰ ሰው ምግብ ሰጠ እንጂ በዓል አልሰጠም። ስለዚህ ሰፋፊውን ምጣድ ትተን በትናንሹ መድፋትን መረጥን።

ዝርዝሩን ያወጡት የእድሩ ሴቶች ናቸው። የማን ምድጃ እንደማይጨስ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በአደባባይ እናድል፣ ፎቶግራፍም እንነሣ ያሉ አልጠፉም። አንዲት አዛውንት «ልጄ፣ ተሰልፌ የተቀበልኩት ዳቦ ከጉሮሮዬ አይወርድም» ሲሉኝ ክርክሩ አበቃ።

መዋጮውን በገንዘብ ብቻ አላደረግነውም። አንዱ ዱቄት፣ ሌላው ዘይት፣ ሌላው ማገዶ አመጣ፤ ምንም የሌለው ጉልበቱን ሰጠ። ጥሬ ገንዘቡን የእድሩ ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ተቀበሉ። ከየቤቱ የሚመጣ ዱቄት ግን ጠባዩ ይለያያል። ወፍጮ ቤት የተፈጨ ስንዴ ከፋብሪካ ነጭ ዱቄት የበለጠ ውኃ ይጠጣል፤ ለየብቻ ቢቦካ አንዱ ይጠጥራል፣ ሌላው ይቀጥናል። ሁሉንም ነፍተን፣ ቀላቅለን በአንድ እርሾ ስናቦካው ሊጡ እኩል ኩፍ አለ። ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ገባበት። ኅዳር 15 የተያዘው ጾም ስላልተፈታ ወተትና ቅቤ አልነካውም። ሥጋ ብናድል ኖሮ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ የአራጁ ጉዳይ ይነሣ ነበር፤ ዳቦ ግን የሁሉንም ደጅ ያልፋል።

በበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣዱን ስለሚሰካ መብራት አይታመንም። የጋራ መገልገያው ሕንፃ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለዕርድ የታሰበ ነበር፤ አሁን በየቦታው ሱቅ ሆኖ አየዋለሁ። ሱቅ ባልሆነ አንድ ክፍል ጉልቻ ጎልተን በባሕር ዛፍ እንጨት ጋገርን። ኮባው ሲታጠፍ እንዳይሰነጠቅ በወላፈን ለብለብ እናደርገዋለን፤ ምጣዱ ላይ አልብሰን ሊጡን ገልብጠን በራሱ በኮባው እንሸፍናለን። እንጨቱ ነድዶ ፍም እስኪሆን መታገሥ ያስፈልጋል፤ ነበልባል ሥሩን አሳርሮ ውስጡን ሊጥ ያስቀረዋል። ከላይ ቆርቆሮ ደፍተን ፍም እንጭንበታለን። ስንደዶ ተወግቶ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። ትኩስ ድፎ በፌስታል ከታፈነ ያልበዋል፤ በኮባው እንደተጠቀለለ ቀዝቀዝ እስኪል ጠበቅን።

ሲመሽ እያንዳንዱን ድፎ የቅርብ ጎረቤት «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ አደረሰ። የማኅበር ስም አልተጠራም፤ ተቀባይም አልፈረመም። ለሒሳባችን የእድሩ መዝገብ ይበቃል።

ለፋሲካ አንዳንድ እናቶች ዱቄቱን ስጡን፣ እኛው እንጋግር ብለዋል። ተስማምተናል፤ ምጣድ የሌላቸውንም እናውሳለን።