ግራ በኩል ያለው ድምፅ

ሰሞኑን ስነዳ ሬዲዮ አልከፍትም ነበር። ሙዚቃም አላሰኘኝም። ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ደግሞ ጆሮዬ ይነቃል መሰለኝ፣ ሌላ ጊዜ የማልሰማውን ሁሉ እሰማለሁ። ከፊት ጎማ አንድ ድምፅ ይመጣል፤ ወፍራም፣ የማያቋርጥ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ቤት ያለ። ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶኑ ላይ የለም። ቀለበት መንገድ ገብቼ 40 ስሞላ ይጀምራል፤ 60 ላይ ጥርት ይላል፤ ከዚያ በላይ እግሬ ሥር ድረስ ይመጣል።

መኪናዋ ዲኤክስ ናት፣ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ። የአባዬ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። የእሷ ድምፅ ሲለወጥ ዝም ብዬ መንዳት አልችልም።

መጀመሪያ ጎማውን ጠረጠርኩ። ሳይመጣጠን የተበላ ጎማ አስፋልት ላይ እንዲሁ ይጮሃል። ጎሚስታ ጋ ሄጄ የፊቶቹን ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አስቀየርኩ። ጎማው ቢሆን ኖሮ ድምፁ አብሮት ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። አልሄደም። ፍሬኑ ይሆን? የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ድምፁ ቀጭን ሲጢጥታ ነው፤ ፍሬን ሲረገጥም ይለወጣል። ይሄኛው ብረግጥም ባልረግጥም ያው ነው። ባዶ መንገድ ሳገኝ ለአፍታ ፎሌ አደረግኳት፣ ማርሹን ነፃ ለቀቅኩት። ሞተሩ ዝቅ አለ፣ ድምፁ ግን ከፍጥነቷ ጋር ቀጠለ። ስለዚህ ሞተሩ አይደለም። በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና ብትሆን መሪ ሙሉ ለሙሉ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ የሚል ሌላ ጣጣ ነበር። ዲኤክስን የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነው። ከዚያ ተገላገልኩ።

የቀረው ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው ያለ ፍትጊያ እንዲሽከረከር የሚይዘው ብረት። ወደ ቀኝ ስታጠፍ ይብሳል፤ ወደ ግራ ሳጥፍ ቀለል ይላል። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ግራ ጎማ ላይ ይወድቃል። የግራው ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አባዬ ነው። መስኮት ዝቅ አድርጎ በግንብ አጥር ጥግ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር፤ ድምፁ ከግንቡ ተመልሶ እንዲመጣለት። «ዝም በሉ» ይለናል። ከኋላ ተቀምጠን ትንፋሻችንን እንይዛለን። የጎረቤት መኪና ገና ከአስፋልቱ ስትታጠፍ የማን እንደሆነች ይናገር ነበር።

እሁድ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ሆን ብዬ በቀለበት መንገድ ወሰድኩት። 60 አስገባኋት። ድምፁ መጣ። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ውጭ ውጭውን ያያል።

«አባዬ፣ ይሰማሃል?»

«ምኑ?»

«የጎማው።»

ጆሮውን ሰጥቶ ቆየ። «ምንም የለም። ደህና ናት፣ ንጂ» አለ።

ነዳሁ። ምን እላለሁ?

በማግስቱ ጋሽ መ. ጋ ወሰድኳት። ጋሽ መ. መኪና ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። መቼ ነው የሚጀምረው? መቼ ነው የሚተወው? ስታጥፊ ነው ስትረግጪ? ጠዋት ነው ስትሞቅ? አንዱንም አያልፍም። ከዚያ ክሪክ አስገባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው፤ ቀጭ አለ። ግራና ቀኙን ይዞ ወዘወዘ፤ ያው ነው፣ አልባሰም። «ቴስቲኒው ደህና ነው» አለ፤ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ማለቱ ነው። ከዚያ በአንድ እጁ ጎማውን እያዞረ ሌላውን እጁን ከጎማው በላይ ያለው ጥምዝምዝ ብረት፣ ሞላው ላይ አሳረፈ። «ነይ፣ እጅሽን አምጪ።» አስቀመጥኩ። ብረቱ ውስጥ አሸዋ የሚፈጭ ይመስላል። በጆሮዬ ስከታተለው የከረምኩት ነገር መዳፌ ላይ መጣ።

ክዳኑን አነሳ፣ ዳዱ እንዳይላላ የሚይዘውን ሽቦ፣ ኮፒሊያውን ነቀለ፣ ኩሽኔታውን የሚያጠብቀውን ዳዱን ፈታ። የውጪው ኩሽኔታ እጁ ላይ ወደቀ። ግሪሱ ጠቁሯል። በናፍጣ አጥቦ በጨርቅ ሲጠርገው ብረቶቹ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች አየሁ፤ አንድ ወገን ደግሞ ሙቀት በልቶት ሰማያዊ ሆኗል። የክረምቱ ውኃ ገብቶበት ይሆናል። ወይም አንድ ሰው ዳዱን ከልክ በላይ አጥብቆት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሲጠብቅ የጠነከረ ይመስላል እንጂ ያቃጥለዋል። ጎማውን እያዞሩ አጥብቆ፣ መልሶ ላላ ማድረግ ነው ደንቡ። የውስጡና የውጪው ከነማቀፊያቸው አንድ ላይ ይቀየራሉ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደሽ፣ ከሌላ መኪና የወለቀም ቢሆን ኦሪጅናሉን ፈልጊ አለኝ። ለኩሽኔታ እንኳ አዲስ ብገዛ ይሻለኛል። የሌላውን ሰው መንገድ ስንት እንደጨረሰ በምን አውቃለሁ?

መኪናዋን እዚያው ትቼ በታክሲ ተመለስኩ። ሶማሌ ተራ እስካሁን አልሄድኩም።

መንገድ ላይ የጋሽ መ. ጥያቄዎች ከጭንቅላቴ አልወጣ አሉ። መቼ ይጀምራል? መቼ ይተዋል? ስለ ኩሽኔታው ግን አልነበረም የማስበው። አባዬ ከመቼ ወዲህ ነው ስልክ ሲደወል ለእማዬ የሚያቀብለው? የእህቴ ልጅ ስታወራው «ምን አለች?» ብሎ ወደኛ የሚዞረው? ሰው ሲበዛ ነው ወይስ ብቻውንም ሲሆን? ቤት ሰው ሞልቶ ሲሳቅ እሱም ይስቃል፤ ትንሽ ዘግይቶ።

ዕድሜ ከጆሮ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የልጅና የሴት ድምፅ፣ «ሰ» እና «ፈ» ቀድመው ይደበዝዛሉ። ይሄማ ቢሆን ወፍራሙን የኩሽኔታ ድምፅ መስማት ነበረበት። አልገጠመልኝም። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ እሁድ በቀኜ ነበር የተቀመጠው። ወደኔም ወደ ድምፁም የዞረው የግራ ጆሮው ነው።

ትናንት ማታ ራት ላይ በግራው ተቀመጥኩ። ድምፄን ሳላነሳ «አባዬ፣ እርጎ ልጨምርልህ?» አልኩ። እንጀራውን ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ ጎረሰ። እማዬ ወደ ጓዳ ስትገባ ተነስቼ በቀኙ ሄድኩ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ።

«አይ፣ በቃኝ» አለ።

አባቴን እንዲህ መፈተኔ ከበደኝ። ግን አወቅኩ። አንድ ወገን ብቻ ከሆነ ከአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ግድ ነው፤ ዕድሜ ሁለቱንም ነው የሚይዘው እንጂ አንዱን መርጦ አይተውም። የተጠራቀመ ኩክ ብቻም ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ። ሌላም ሊሆን ይችላል። ወንድሜ ከዋሽንግተን «ነገ ውሰጂው፣ ምን ያስጨንቃል» አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው። በጆሮው የኖረን ሰው «ጆሮህ» ብሎ መጀመር እንዴት እንደሆነ እዚህ ገበታ ላይ ተቀምጦ ይየው።

እንቅልፍ ያሳጣኝ ግን ሌላ ነው። እማዬ ከጓዳ ተመልሳ በቀኙ መቀመጤን ስታይ ቆም አለች። ቦታዋ ነው። ገበታ ላይ ሁሌ በቀኙ ናት። መንገድ ስንወጣም በቀኙ ነው የምትሄደው፣ ሶፋው ላይም እንደዚያው። ድሮም እንዲህ ነበር? የድሮ ፎቶዎቹን አውጥቼ ሳገላብጥ አመሸሁ። በግማሹ በግራው ቆማለች።

ታዲያ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው? እሱስ እንደምታውቅ ያውቃል?