ጠግቦ የሚያድር በሬ ዳፍንት ሲይዘው

የድለባ በሬ ጭድ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እየበላ፣ ጀርባው እየሞላ ሳለ ሲመሽ ከበረቱ አጥር ጋር መላተም ከጀመረ መጀመሪያ ዳፍንትን (ሲጨልም ማየት አለመቻልን) ጠርጥሩ። የጎደለው ቫይታሚን ኤ ነው። ከብት ይህን ቫይታሚን የሚያገኘው በአረንጓዴ መኖ ውስጥ ካለው ካሮቲን ነው፤ ጭድም ሆነ ፉርሽካና ፋጉሎ ደግሞ ካሮቲን የላቸውም ማለት ይቻላል። ለቢ ቫይታሚኖች ብዙ አትጨነቁ፤ ጨጓራው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ያመርቱለታል።

ክረምቱን ለምለም ሣር የጋጠ ከብት በጉበቱ ያጠራቀመው ከ2 እስከ 4 ወር ያዘልቀዋል። ስለዚህ ችግሩ ሣሩ እንደ ደረቀ አይታይም፤ ዘግይቶ፣ ብዙውን ጊዜ ከየካቲት ወዲህ ብቅ ሲል ከመኖው ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው።

አመሻሽ ላይ መንገዱ ላይ ግንድ አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱት። ቀን የሚሻገረው ማታ ካደናቀፈው ጥርጣሬው ይጠነክራል። በዝንብ የሚዛመተው የዓይን በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይን ይጀምራል፤ ከብቱም የቀን ብርሃን ይሸሻል።

ላም ላይ ጉዳቱ ይከፋል፦ ታስወርዳለች፣ የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ ይቀርባታል፣ ደካማ ወይም ዕውር ጥጃ ትወልዳለች። በማደግ ላይ ባለ ጥጃ የራስ ቅሉ አጥንት የዓይኑን ነርቭ ጨምቆ ካሳወረው አይመለስም፤ ለዚያ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ጥጃ ሲወለድ ጉበቱ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል፤ ስንቁ እንገር፣ ማለትም ላሟ እንደ ወለደች የምትሰጠው የመጀመሪያው ወተት ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያው ቀን 3 ሊትር ያህል ይጠጣ፣ በ2 ሰዓት ውስጥም ይጀምር። እንገሩ ለሰው የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ለ250 ኪሎ በሬ በቀን ከ2 እስከ 3 ኪሎ እርጥብ አልፋልፋ (ለመኖ የሚዘራ ተክል) ይበቃዋል። ድርቆሽ ከሆነ ቀለሙን እዩ፦ ሣሩ አበባ ሲጀምር ታጭዶ፣ እየተገለባበጠ በ2 ወይም 3 ቀን ደርቆ ጣሪያ ሥር የተከመረው አረንጓዴነቱን ይይዛል። ፀሐይ ላይ ሰንብቶ የነጣው ለዚህ ጉዳይ ከጭድ አይሻልም። እርጥበቱ ሳይወጣ የተከመረውም ይግላል፣ ይሻግታል።

ዳፍንቱ ከጀመረ የቫይታሚን ኤ መርፌ ያስፈልጋል፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 440 ዩኒት፣ ለ250 ኪሎ በሬ 110,000 ዩኒት ነው። የጠርሙሶቹ ጥንካሬ ስለሚለያይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሆን የእንስሳት ሐኪሙ ከጠርሙሱ ጽሑፍ ያስላ። «ይጨመርለት» ብሎ መደጋገም አይገባም፤ ትርፉ በሽንት አይወጣም፣ ጉበት ላይ ይከማቻል። በሬው ለእርድ የሚሸጥ ከሆነም ከመርፌው በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት እዚያው ጠርሙስ ላይ አንብቡ።