የሰርግ ቪሲዲዎችን ስለ ማዳንና ምስላቸውን ስለ ማሳደግ

ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ «እባክህ ይህን አድንልን» እያሉ ከሚያመጡልኝ የሰርግና የክርስትና ቪዲዮዎች አብዛኞቹ በቪሲዲ የተቀዱ ናቸው። ዲቪዲ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት የዘፈን ክሊፕም ሆነ የቤተሰብ ድግስ የሚቀመጠው በዚሁ ዲስክ ላይ ስለነበር፣ ዲስኩ ዛሬም ከየመሳቢያው አይታጣም፤ የታጣው ማጫወቻው ነው። አዳዲስ ላፕቶፖችም የሲዲ ማስገቢያ ስለሌላቸው በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ መግዛት ግድ ይላል።

የቪሲዲ ደንብ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዓላማው በአንድ ተራ ሲዲ ላይ 74 ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ማስቀመጥ ነበር። ለዚህም ሲባል ምስሉ በፓል (በአንደኛው የቴሌቪዥን ሥርዓት) ወደ 352 በ288 ፒክስል ወርዶ ኤምፔግ 1 በሚባል የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ ይታመቃል። ከዚህም በላይ፣ በተራ የዳታ ሲዲ ላይ ያለው ተጨማሪ የስሕተት ማረሚያ በቪዲዮው ክፍል ላይ እንዲቀር ተደርጎ ቦታው ለምስሉ ተሰጥቷል። ትንሽ ጭረት ያለበት ቪሲዲ ምስሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ የሚበታተነው፣ ኤምፔግኤቪ ከሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውንና ቪዲዮውን የያዘውን የዳት ፋይል ኮፒ ስናደርግም መሃል ላይ ቀጥ የሚለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ፋይሉን ብቻ ከመጎተት ይልቅ እንደ ሲዲአርዳኦ ባለ ፕሮግራም የዲስኩን ሙሉ ጥሬ ቅጂ (በላዩ ያለውን ሁሉ እንዳለ) መውሰድ፣ ቪዲዮውንም በኋላ ከቅጂው ማውጣት ይሻላል። አንዱ ማንበቢያ እምቢ ያለውን ቦታ ሌላው ሊያነበው ስለሚችል በሁለት ማሽን መሞከር አይከፋም። ዲስኩ የሚጸዳው በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው እንጂ ዙሪያውን በማሸት አይደለም። ብዙዎች የሚሳሱለት የሚያብረቀርቀው ገጽ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ባለው ፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ መረጃው የሚነበብበት አንጸባራቂው ንጣፍ ያለው ግን ጽሑፍ ባለበት ገጽ ከስስ ቀለም ሥር በመሆኑ፣ በዚያ በኩል የተፋቀ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ተስፋ የለውም።

ወደ ማሳደጉ ስንመጣ፣ የቪሲዲ አንድ ፍሬም 101,376 ፒክስል ሲኖረው የፉል ኤችዲ ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ አለው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ፕሮግራሞች ይህን ልዩነት የሚሞሉት በግምት ነው። ግምቱ ለግድግዳና ለመጋረጃ ምንም አይል፤ የነጠላ ጥለት ላይ ሲደርስ ግን መስቀሉን ወደ አበባ ይለውጠዋል። የግዕዝ ፊደል ደግሞ በአንዲት ቅጥል ስለሚለያይ የሙሽሮቹ ስም የተጻፈበት መግቢያ ጨርሶ የማይነበብ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ፊት ነው፤ ከኋላ ቆመው የሚያጨበጭቡት አያት ቆዳቸው ለስልሶ፣ ዓይናቸው ጠርቶ፣ ማንም የማያውቃቸው ሴት ሆነው ይወጣሉ። እስክስታውን በሰከንድ ወደ 60 ፍሬም ማብዛትም አይመከርም፣ ትከሻው ይቀልጣል።

እኔ የምመርጠው በመጀመሪያ የመታመቅ ቁርጥራጮቹን በቀስታ ማለዘብ፣ ቀጥሎም የምስሉን የ4 ለ3 ቅርጽ ጠብቆ ላንዞስ ወይም ኤንኤንኢዲአይ3 በሚባሉት የምስል ማሳደጊያ ስልቶች ወደ 1440 በ1080 ማሳደግ ነው። ምስሉን ጎትቶ ሰፊውን ስክሪን ማስሞላት ሙሽራይቱን ከማወፈር ያለፈ ጥቅም የለውም። ያደገውን ኤች.264 በሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ አድርጌ ለቤተሰቡ በፍላሽ እሰጣለሁ፤ ጥሬው ቅጂ ግን ሳይነካ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ይቀመጣል፤ የተሻለ ፕሮግራም ሲመጣም ሥራው የሚጀመረው ከእሱ ነው።