በረዶ ላይ ያለው በቀቀን የዘጌ አይደለም

ለንደን ውስጥ በረዶ የለበሰ ዛፍ ላይ የተቀመጠ አረንጓዴ ወፍ ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር ከባሕር ዳር የሚመጣው ጥያቄ አይለወጥም፦ «እንዴ! ይሄ የኛ የዘጌው በቀቀን አይደል? ማን ወሰደው?» ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ይብሳል፦ «እዚያ ስንት ያወጣል? ጥንድ አስይዘን እንላክላችሁ?»

ተዉ፣ አትላኩ። ወፉ የኛ አይደለም። ጣና ዳር ሾላና ዋርካ ላይ የሚንጫጫው ትንሹ፣ ጅራተ አጭሩ፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው፣ ርዝመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ አገር የለውም። ራሱ ቢጫ የሆነው ተለቅ ያለውማ ከኢትዮጵያ ውጭ ጨርሶ የለም። የለንደኑ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ግማሹ ጅራት ነው፤ የወንዱ አንገት ጥቁርና ሮዝ ቀለበት አለው፣ የሴቷ ባዶ ነው።

የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ይህ ባለ ቀለበት በቀቀን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ቆላ በተዘረጋው መሬትም ይኖራል፤ አፍሪካዊ ዘመድ አለው ማለት ነው። ተመራማሪዎች የአውሮፓዎቹን ዘረመል ሲያዩ ግን አብዛኞቹ የፓኪስታንና የሰሜን ሕንድ ዘር ሆነው ተገኙ። የኛ ወገን በወፍም አላለፈም! ኤምባሲ ደጅ መሰለፉ አንሶን። አንዱ ምክንያት ብርድ ነው፦ የሰሜን ሕንዱ ወፍ ውርጭ ያውቃል፣ የቆላው አያውቅም። የሰሜን ሕንዱም ቢሆን ብርዱ ሲከፋ ጣቱን ውርጭ የሚበላው አለ። ፎቶው ላይ ጣት አይታይም።

ደግሞ በርሮ አልመጣም። በሳጥን ታሽጎ፣ ለቤት ጌጥ ተሸጦ ነው የመጣው፤ አንዳንዱ አመለጠ፣ አንዳንዱን ጩኸቱ ያስመረረው ባለቤት በመስኮት ለቀቀው። ፈረንጅ ግን ታሪክ ካላሳመረ አይሆንለትም፤ ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ሄንድሪክስ ጥንድ ለቆ ነው የበዙት ይላል። በ2019 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ሌሎቹም እንደዚያው) የወጣ ጥናት ወፉ የታየባቸውን ቦታዎች በካርታ ቢያሰላ ወሬውን የሚደግፍ ነገር አላገኘም። እንግሊዝ ውስጥ በዱር መራባቱ የተመዘገበው በ1969 ነው። ብራስልስ ግን የለቀቀው ሰው ይታወቃል፦ በ1974 የአንድ መዝናኛ ፓርክ ባለቤት ከተማዋ ትድመቅ ብሎ 40 ያህል ለቀቀ፤ ዛሬ በሺዎች ናቸው።

ወፉን ያኖረው በመጀመሪያ ቀዳዳ ነው። ራሱ ግንድ መቦርቦር አይችልም፤ ግንደ ቆርቁር የተወውን ቀዳዳ ይዞ በሩን በምንቃሩ ያሰፋል። ብልሃቱ ጊዜው ላይ ነው፦ የአገሬው ወፍ ብርዱ እስኪወጣ ሲጠብቅ፣ እሱ በየካቲት ቤቱን ይይዛል፣ በመጋቢት ይጥላል። 3 ወይም 4 እንቁላል፣ ከሦስት ሳምንት ትንሽ በለጥ ያለ መታቀፍ፤ ጫጩቶቹም ስድስት ሰባት ሳምንት ከጉድጓዱ አይወጡም። ዘግይቶ የደረሰ ወፍ ቤቱ ተይዞ ያገኛል። በስፔኗ ሴቪያ ከተማ በአንድ መናፈሻ ውስጥ በቀቀኑ ትልልቅ የሌሊት ወፎችን ነክሶ ከቀዳዳቸው ያባርራል፣ ይገድላልም። በጀርመኗ ሃይደልበርግ ደግሞ ሙቀት እንዲይዝ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፎም ቦርቡሮ ጎጆ ያደርገዋል። ሙቀት ያለው ቤት፣ ያለ ኪራይ!

ሁለተኛው የብርድ ወራት ቀለብ ነው። ፈረንጅ ለጎረቤቱ ሰላምታ ይቆጥባል እንጂ ለወፍ ለውዝና የሱፍ አበባ ፍሬ መስቀል አያስቸግረውም። በቀቀኑ እዚያ ሲያርፍ ትንንሾቹ ፈርተው ይርቃሉ፣ የሚበሉትም ይቀንሳል። እኛ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ የምናባርረውን እነሱ ይቀልቡታል፤ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ሲጮህባቸው ስሞታ ይጀምራሉ።

ፍርዱ የሚገርመው ግን እንደሱው አውሮፓ በገባው በደቡብ አሜሪካው ግራጫ ደረት በቀቀን ላይ ነው። እሱ የማንንም ቀዳዳ አይነጥቅም፤ ጭራሮ ለቅሞ ብዙ ክፍል ያለው የጋራ ጎጆ ይሠራል። የሚባረረውም እሱ ነው! ጎጆው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሲሆን መብራት ያቋርጣል፣ እየከበደ ሄዶም ይወድቃል። እንግሊዝ ገና ጥቂት ሳሉ፣ ከ2011 ጀምሮ፣ ታስወግዳቸው ጀመር፤ ማድሪድ 12,000 ገደማ ከሆኑ በኋላ በ2019 ልቀንሳቸው አለች። ባለ ቀለበቱ ግን እንግሊዝን ሞልቷል፤ ስለበዛ ማጥፋቱ አይሞከርም። እንግሊዝ ውስጥ ጥቂት ሆኖ መታየት ነው ወንጀሉ።

ለመምጣት የምታስቡ ልጆች፣ ለውዙን ሳይሆን ቀዳዳውን አስቡ። እዚህ ምግብ አይጠፋም፣ የሚጠፋው ማደሪያ ነው። «ና» የሚላችሁን ዘመድ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ስምህ ውሉ ላይ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የምትመጡበትንም ወር አስሉ፤ ኅዳር ላይ ደርሶ ቤት መፈለግ ከባድ ነው።

የዘጌውን ጥንድ በተመለከተ፦ አውሮፓ ከዱር የተያዘ ወፍ ማስገባትን በ2005 በወፍ ጉንፋን ምክንያት አግዳለች፣ በ2007 እገዳውን ቋሚ አድርጋለች። ሁለቱም የጣና በቀቀኖች በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም፤ ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ይወረሳል፣ ያዡም ይጠየቃል። እነሱም ቀዳዳ ውስጥ የሚፈለፍሉ ናቸው፤ ጫጩት ለማውጣት አሮጌ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው የሚመጣውን ዓመት ቤትም አብሮ ይቆርጣል። ማየት ለሚፈልግ ጠዋት በጊዜ ፍሬ የያዘ ሾላ ሥር መቆም ነው።